ታብሌት እንላክ ወይስ መጽሐፍ? ብዬ ጠይቄ ስለ ቁልፍ የተነገረኝ ክር

ዋናው ፖስት የኔ ነው። ክሩ 37 መልስ ደርሷል፣ አዲስ የሚገባ ሰው ግን ከላይ ያለውን ሳያነብ ታብሌት ላኩ ብሎ ብቻ ስለሚሄድ እስካሁን የተባለውን በየቁጥሩ ላውራላችሁ ብዬ ነው። የማንንም ቃል አልገለብጥም፣ በራሴ አፍ ነው የምተርከው፣ ያጣመምኩበት ሰው ካለ ይምጣና ያርመኝ።

የጠየቅኩት ይሄን ነበር። አንድ ሃይስኩል የተማርን 11 ሰዎች ነን፣ ግማሾቻችን ሜሪላንድ፣ ሁለቱ ጂዳ፣ የቀሩት አዲስ አበባ። ቴሌግራም ላይ ተገናኝተን እንደ ዕቁብ በየወሩ ስናዋጣ ሁለት ዓመት አለፈንና 9 ሺህ ዶላር አካባቢ ሞላ። ትምህርት ቤቱ ጉራጌ ዞን ውስጥ ነው፣ የከተማዋን ስም አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል። በ40 ታብሌትና በመጽሐፍ መሀል ተከፋፈልን። እኔ አልደብቅም ታብሌት ባይ ነበርኩ፣ ልጄ እዚህ ፊደል የቆጠረው በታብሌት ስለሆነ መሰለኝ። ፖስቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥር 2015 አገር ቤት ስሄድ ላይብረሪው ዝግ ስለነበር ውስጡን አላየሁትም ብዬ አንድ መስመር ጣል አድርጌ አለፍኩ። ጉዱን ያፈላችው ያቺ መስመር ናት።

1ኛውና 2ኛው መልስ ምርቃት ናቸው። ተባረኩ፣ እጃችሁ ይለምልም፣ ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ መጽሐፍ አሁን ማን ያነባል፣ ምናምን። 2ኛው ስትገዙ ለኔም አንድ ጨምሩ ብሎ ነው የጨረሰው።

3ኛው ላይ አየሩ ተቀየረ። የጻፈው በ1997 የ9ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ አሁን ራሱ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው፣ ፕላዝማን ረሳችሁት ወይ ብሎ ነው የገባው። ለማታውቁት፣ ያኔ ሃይስኩል ክፍል ውስጥ ፕላዝማ ቲቪ ተሰቅሎ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቅ ነበር፣ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ለመምህሩ የምትተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት። እነሱ ክፍል የሂሳብ መምህርቷ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ገልብጣ ሳትጨርስ ቲቪው መልሱን ተናግሮ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ እሷም ጠመኔዋን እንደያዘች ዞር ብላ እንደ ተማሪ ታየዋለች። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኑ አልጠፋም። መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜው ሄደ፣ በነጋታው መብራቱ ሲመጣ ቲቪው ምዕራፍ ቀይሯል። ስለዚህ ደግሞ ሌላ ስክሪን ልካችሁ መምህሩን ተመልካች አታድርጉት ነው ሐሳቡ፣ እሱ የጻፈበት ቋንቋ ከዚህ ጠንከር ይላል።

4ኛዋ አልተዋጠላትም። እሷም የፕላዝማ ትውልድ ናት፣ ትምህርት ቤታቸው ማይክሮስኮፕ የሚባል ነገር ስላልነበረው ሴል ምን እንደሚመስል፣ ልብ እንዴት ደም እንደምትረጭ መጀመሪያ ያየችው እዚያች ስክሪን ላይ ነው፣ ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ጥፋቱ የቲቪው አይደለም፣ ማቆሚያና መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው ባይ ናት፣ ታብሌት ደግሞ ይቆማል ይመለሳል። 5ኛው ያው የፊዚክስ መምህሩ ነው፣ በጨዋነት እውነትሽን ነው አለና ወዲያው ደግሞ 40 ታብሌት ለስንት መቶ ተማሪ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልመለስኩለትም፣ መልስ ስላልነበረኝ።

6ኛው የወንጪን ታሪክ ይዞ መጣ፣ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ፈረንጆቹ ታብሌት ካርቶን ውስጥ እንደታሸገ ፊደል የማያውቁ ሕፃናት መንደር ውስጥ አስቀምጠው ሄዱ፣ ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው፣ ራሳቸው አብርተው፣ በሁለት ሳምንት ኤቢሲዲ መዝፈን ጀመሩ፣ በአምስት ወር አንድሮይዱን ሰብረው ገቡ። አስተማሪ አያስፈልግም ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ወሊሶ ጋ ስለሆነ ወደኛ አገር መንገድ ላይ ነው፣ እኔም ሲወራ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር።

7ኛው ጠንቃቃ ሰው ነው፣ አንድ በአንድ ለቀመው። ነገሩ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. 2012 ነው የተወራው፣ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የሚባለው ድርጅት ነው፣ ታብሌቶቹ ሞቶሮላ ዙም ነበሩ፣ መንደሮቹ ወንጪና ወለንጪቲ ናቸው፣ በየመንደሩ 20 ልጅ አካባቢ። ውጤቱን ለዓለም ያወራው ግን የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ራሱ ነው፣ ባለሱቅ ዕቃውን ሲያመሰግን ማለት ነው። ሰበሩት የተባለውም ተዘግቶ የነበረ ካሜራ መክፈታቸው ነው፣ ለልጅ ጎበዝነት ቢሆንም ማንበብና መጻፍ ግን አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሶላር ቻርጀር ተተክሎ በየሳምንቱ ባለሙያ መጥቶ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር። በየሳምንቱ! ሰው አያስፈልግም የተባለበት ቦታ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ነበረ ማለት ነው፣ እኛ 11 ሆነን በዓመት አንዴ እንኳ የማንደርስበትን መንገድ።

8ኛዋ ትንሽ ያዝናናችን ልጅ ናት። ከወንጪው በፊት ያው ድርጅት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች አድሎ ነበር፣ እሷም 4ኛ ክፍል ሆና ደርሷታል። ኪቦርዱ ጎማ ነው፣ እንደ ማስቲካ ወደ ውስጥ ይገባል ትላለች። መምህሩ ድምፁ ሲረብሸው ጠረጴዛ ስር አስቀምጡት ይላቸዋል። ቤት ስትወስደው ደግሞ መብራት የጠፋ ቀን እናቷ በስክሪኑ ብርሃን ሽንኩርት ይከትፋሉ። ዘጠኝ ሰው ሳቀ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ በኋላ ሳስበው ግን ያ ላፕቶፕ በዚያ ቤት ከሠራው ሥራ ሁሉ የረባው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

9ኛው መልስ አጭርና ቁጡ ነው። ኢንተርኔትስ? በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከተሰረዘ በኋላ በፈተና ሰሞን ኔት መዝጋት ልማድ ሆኖ ነበር፣ ከሰኔ 23 2012 ጀምሮ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል አገር በሙሉ ያለ ኔት ከርሟል፣ በዚህ ላይ የዳታ ዋጋ አለ። ቁጣው ለኔ ይሁን ለቴሌ አልገባኝም።

10ኛው ለዚህ መልስ ያለው የኮምፒዩተር ልጅ ነው፣ ችግሩ አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጭብጡን ላውጣላችሁ። ኔት አያስፈልግም። ኪዊክስ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ሙሉ ዊኪፒዲያን አውርዶ ሚሞሪ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ ካን አካዳሚ የሚባለውን የነፃ ትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮና መልመጃ ጭምር ይይዛል፣ ሁለቱንም ራስበሪ ፓይ የምትባል መዳፍ የምታክል ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ ዋይፋይ እንድትረጭ ማድረግ ነው፣ ተማሪው በያዘው ስልክ ይገናኛል፣ ሳንቲም አይቆጥርም። የፖወር ባንክ ጉልበት ይበቃታል። ለ40 ታብሌት የሚወጣው ብር ለስንት ትምህርት ቤት ይሆን ነበር! ልጁ ግን ሐቀኛ ነው፣ ጉድለቱንም ነግሮናል፣ የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ አካባቢ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው፣ ብዙውም ሁለት ሦስት መስመር ነው፣ ቪዲዮዎቹም እንግሊዝኛ ናቸው። ከስሩ አንዱ አራት ነጥብ በነፃ እልክልሃለሁ ብሎት አለፈ።

11ኛዋ ናት ነገሩን የጠመዘዘችው። የምትጽፈው በትንሹ ነው። ስለ ታብሌትም ስለ መጽሐፍም አላወራችም፣ ላይብረሪው ጥር ላይ ለምን ዝግ ሆነ? ብላ ጠየቀችኝ። በ12ኛው ላይ ሰውየው ቡና ሊጠጣ ወጥቶ ይሆናላ ብዬ መለስኩ። ትምህርት ላይ ያለ ትምህርት ቤት፣ ረቡዕ ቀን፣ ረፋድ ላይ። ደግሞ ጠየቀችኝ፣ የበሩ ቁልፍ ምን ዓይነት ነበር? አሁን ማን የበር ቁልፍ ያያል? ግን ትዝ አለኝ፣ ጓጉንቸር ነው፣ ትልቅ፣ ዝገቱ ወደ ብርቱካን የሄደ፣ ላዩ ላይ የሸረሪት ድር ነበረው።

13ኛውን ሙሉውን ሄዳችሁ አንብቡት፣ እኔ ሳሳጥረው ይበላሻል። ሴትዮዋ በአንድ ሃይስኩል ስድስት ዓመት የላይብረሪ ሠራተኛ የነበረች ናት። ስትቀጠር 2,300 መጽሐፍ በሞዴል 22፣ በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ ፈርማ ተረከበች፣ እያንዳንዱ በስሟ፣ እንደ ወንበርና እንደ አካፋ። የመጀመሪያው ዓመት መደርደሪያውን ክፍት አድርጋ ተማሪ እየገባ ራሱ እንዲያነሳ ፈቀደች፣ ላይብረሪው ሞላ፣ ቁጭ የሚሉበት ጠፍቶ መሬት ላይ ይነበብ ነበር። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ቆጠራ መጣ፣ 14 መጽሐፍ ጎደለ። ከአትላሱ የአፍሪካ ካርታ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል፣ አቆራረጡ ከማማሩ የተነሳ የወንዙን ጫፍ እንኳ አልነካም ትላለች። ከደመወዟ ተቆረጠ። 14 ብቻ መጥፋቱ ተአምር ነው ያላት ሰው አልነበረም፣ ስንት ልጅ አነበበ ብሎ የጠየቃትም የለም፣ ሪፖርቱ ላይ እሱን የሚሞሉበት ሣጥን እንኳ የለም። በሁለተኛው ዓመት መደርደሪያውን በሽቦ ወንፊት አስከለለች። በሦስተኛው ዓመት ተማሪ በርዕስ ይጠይቅ፣ መታወቂያ አስይዞ እዚያው ያንብብ ሆነ። ዝውውር የጠየቀች ዓመት ደግሞ ክሊራንስ እንዳይበላሽባት ጭራሽ ዘጋችው፣ በዚያ ዓመት አንድም መጽሐፍ አልጠፋም፣ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጣት። ደብዳቤው እስካሁን አላት።

በእርዳታ ስለሚመጣው ካርቶንም አውርታለች። ከውጭ የመጣ አንድ ካርቶን ስትከፍት ያገኘችው የዊንዶውስ 98 መማሪያ፣ የአሜሪካ የታክስ አሞላል መመሪያና የአንድ መጽሐፍ 60 ኮፒ ነው። አይጣል ነገር፣ አንዴ በሞዴል 19፣ በንብረት ማስገቢያው ቅጽ፣ ገቢ ሆኗል፣ ለማስወገድ ኮሚቴ መቋቋም አለበት፣ ኮሚቴ ደግሞ ለድሮ መጽሐፍ ብሎ አይሰበሰብም። እነሱ መደርደሪያውን ይዘው ቁጭ አሉ፣ የ12ኛ ክፍል መማሪያ መሬት ላይ። ታብሌት ብትልኩ ያው በሞዴል 19 ገብቶ በሞዴል 22 በአንድ ሰው ስም ይወጣል፣ ያ ሰው ደግሞ መጽሐፍ ሲጠፋ መቶ ብር ነበር የሚቆረጥበት፣ ታብሌት ሲጠፋ የስንት ወር ደመወዙ እንደሆነ እናንተ አስሉት፣ ከካዝና የሚያወጣው ይመስላችኋል ወይ አለችን። ታብሌት ወይስ መጽሐፍ የሚለው ክርክሬ እዚህ ላይ ተንፍሷል፣ ላስመስል ብልም አልችልም።

14ኛው ባለጌ ነው። የላይብረሪ ሠራተኛ ሁሉ ዳንቴል ከመሥራትና ከመተኛት በቀር ሥራ የለውም፣ ሰበብ ነው የምታወሪው አላት፣ ሌላም ጨምሮ ነበር፣ 15ኛው ላይ አወያዩ የከፋውን ቆርጦ አስጠነቀቀው። 16ኛው ላይ እሷ ራሷ መጥታ ዳንቴልማ ሠርቻለሁ፣ ዝግ ላይብረሪ ውስጥ ስምንት ሰዓት ተቀምጠህ እስቲ አንተ ምን ትሠራ ነበር አለችው። ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ከ17 እስከ 19 ያለው ከርዕስ የወጣ ነው፣ ግን ደስ ይላል። አንድ ጋሼ ፒያሳ የነበረውን የብሪቲሽ ካውንስል ላይብረሪ አነሱ፣ ካርድ አውጥቶ መጽሐፍ ቤት መውሰድ እንዴት ኩራት እንደነበር፣ ዝናብ እንዳይነካው ኮታቸው ውስጥ አድርገው እስከ ጉለሌ በእግር እንደሚሄዱ። ሌላው ከመንገድ ዳር አከራይ በሳንቲም እየተከራየ ልብወለድ ያነብ የነበረ ነው፣ ለአንድ ቀን ስለሚከራየው ሌሊቱን በኩራዝ ይጨርሰዋል፣ ዛሬ ስድስት ወር ቤቱ የተቀመጠ መጽሐፍ አልጨረሰም። ሦስተኛው ደግሞ ወመዘክርን፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ማለት ነው፣ አህጽሮተ ቃል ነው ብሎ ሲተረጉም አንዱ የግዕዝ ሰው አረመው፣ አህጽሮት አይደለም፣ በ1936 ሲቋቋም ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ነው የተባለው፣ ወ ማለት እና ነው፣ ሰው የፊቱን ትቶ የኋላውን ይዞ ቀረ። ይሄን በዚህ ዕድሜዬ አሁን ነው ያወቅኩት።

20ኛው በዚህ ተናደደ። ሁሉ ነገር አዲስ አበባ፣ ወመዘክሩም እዚያ፣ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም እዚያው አራት ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት፣ እናንተም ስለ ፒያሳ ታወራላችሁ፣ የወረዳ ልጅ ምን ይሁን? ልክ ነው፣ ግን የአዲስ አበባ ልጅም እኮ መቀመጫ ያስፈልገዋል፣ እሱን አላልኩትም።

21ኛዋ በጣም ጥሩ ነገር አስታወሰችን፣ የሐዋሳን የአህያ ላይብረሪ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት፣ አገር ገብተው በ1995 ሾላ ላይ የሕፃናት ላይብረሪ ከፈቱ፣ ኋላ ደግሞ ኢትዮጵያ ሪድስ በሚባለው ድርጅታቸው በኩል ሐዋሳ ላይ አህያ የሚስበው ጋሪ ላይ መጽሐፍ ደርድረው ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱት፣ እ.ኤ.አ. 2008 ሲኤንኤን ከአሥሩ ጀግኖች መሀል መርጧቸዋል። እሷ ሐዋሳ አክስቷ ጋ ከርማ ጋሪው ሲመጣ አይታለች፣ የጎኑ ክዳን ወደ ላይ ሲነሳ ልጆቹ የሚያወጡት ጩኸት አይስክሬም የመጣ ነው የሚመስለው። የ13ኛዋ የላይብረሪ ሴት ከስሩ አንድ መስመር ጻፈችበት፣ አህያ ጓጉንቸር የላትም። ከክሩ ብዙ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

22ኛው የኔ ነው፣ የአጎቴ ልጅ እዚያው ከተማ ስላለ ሄዶ እንዲያይልኝ ልኬዋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ውጤቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

23ኛው የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ወልቂጤ። እናንተ ስለ ላይብረሪ ታወራላችሁ መማሪያ መጽሐፍ ራሱ የታለ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመ ስላልደረሳቸው በቴሌግራም ፒዲኤፍ ተላከ፣ ቤት ውስጥ ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፣ እሱም የሱ፣ ማታ ከሥራ ሲገባ ሦስቱ በር ላይ ይጠብቁታል፣ እሱን ሳይሆን ስልኩን። መጨረሻ ላይ ፎቶኮፒ ቤት ወስዶ ሒሳቡን ብቻ አሳትሞ አስጠረዘ፣ ሥዕሎቹ ጥቁር በጥቁር ሆነው ወጡ፣ ጂኦግራፊውን ተወው። 24ኛው በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወሰና ይሄ ሁሉ አንድ ላይ የተያያዘ ነው አለ። 25ኛው አይ፣ ድሮ ፈተናው ይኮረጅ ስለነበር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ወስደው ሲፈትኑ እውነቱ ወጣ አለ፣ ሁለቱ አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለሱ፣ አልቆጠርኳቸውም፣ ሁለቱም እውነት አላቸው።

26ኛው አንድ የጤና ሳይንስ አስተማሪ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ። ዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናሎች ውድ ናቸው፣ ግን ሂናሪ በሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በነፃ ይከፈታሉ፣ የሚያስፈልገው ተቋሙ የተሰጠው የይለፍ ቃል ነው። እሱ ማስተርሱን ሲሠራ ይሄን ሳያውቅ በየፈረንጁ ኢሜይል እየላከ ጽሑፍ ይለምን ነበር፣ ሊመረቅ ሁለት ወር ሲቀረው የይለፍ ቃሉ ላይብረሪ ውስጥ የአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ በቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ እንደተቀመጠ ደረሰበት። ለምን አልለጠፋችሁትም ሲል፣ ሰው ያበላሸዋል ተባለ። እንግዲህ የይለፍ ቃል በምላጭ አይቆረጥም። ጓጉንቸሩ ኮምፒዩተር ውስጥም አለ ማለት ነው፣ ይሄን እኔ ነኝ ያልኩት።

27ኛው ሌላ እሳት ለኮሰ። አንድ አንጋፋ ደራሲ ናቸው፣ ስማቸውን አልጽፍም። ወጣቶች መጽሐፍ በቴሌግራም በነፃ እናገኛለን እያሉ ሲመሰጋገኑ ቢያዩ ያን ነፃ የምትሉትን እኔ ነኝ የከፈልኩት አሉ። የመጨረሻ መጽሐፋቸው ገበያ በወጣ በዘጠነኛው ቀን በስልክ ፎቶ ተነስቶ ተለቀቀ፣ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት በየገጹ ግራ ጥግ ይታያል፣ ጣቱን አውቀዋለሁ ባለቤቱን ግን አላገኘሁትም ብለዋል። አዋጅ 410/1996 ደራሲው በሕይወት እያለና ካለፈ በኋላም 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል፣ ማን ይጠብቀዋል እንጂ። 28ኛው ግን አላዘነላቸውም፣ በመጽሐፍዎ ዋጋ እኛ ቤት ሳምንት ይበላል፣ ላይብረሪ ዝግ ነው ሲባል ሰምተዋል፣ ታዲያ የት ሄደን እናንብብ? በአንተታ ነበር የጻፈው፣ ሦስት ሰው ገሠጸውና እርስዎ ብሎ አስተካከለው፣ ሐሳቡን ግን አላስተካከለም።

29ኛው ሁለቱንም ዝም አሰኘ። ዓይነ ስውር ነው፣ ሕግ ያጠና። እናንተ የምትጣሉበት ፒዲኤፍ ለኔ ባዶ ወረቀት ነው አለ። ፎቶ ስለሆነ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ ገጹ ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ኮምፒዩተር ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ የተጻፈ ከሆነ ግን በአማርኛ ያነብለታል፣ ድምፁ ራዲዮ ውስጥ የገባ ንብ ይመስላል፣ ተለምዷል። ዩኒቨርሲቲ እያለ ጓደኞቹ ቀድተውለት በካሴት ነው የተማረው። የማራካሽ ስምምነት የሚባል እ.ኤ.አ. 2013 የተፈረመ አለ፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. 2020 ላይ ገብታበታለች፣ ለማየት ለተሳናቸው ሰዎች በሚነበብ መልክ ለማባዛት መንገድ ይከፍታል፣ ወረቀቱ ላይ አለ፣ መጽሐፉ ግን የለም። ደራሲውን በአክብሮት ጠየቃቸው፣ የሰው ስርቆት አልፈልግም፣ ገንዘቡን እከፍላለሁ፣ የጻፉበትን ፋይል ይላኩልኝ።

30ኛው የደራሲው ነው፣ አንድ መስመር፣ የት ልላክልህ ልጄ። 31ኛው ላይ ልጁ ተመለሰ፣ ፋይሉ ደርሶታል ግን የተተየበው በጥንቱ የግዕዝ ሶፍትዌር ነው፣ ዩኒኮድ አይደለም፣ ኮምፒዩተሩ የሚያነብለት የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። 32ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ አራት ነጥብ የማያውቀው የኮምፒዩተር ልጅ። ላኩልኝ አለ፣ በሁለተኛው ቀን ቀይሮ መለሰው፣ ጸ እና ፀ ብቻ አንዳንድ ቦታ ተምታተውበታል። ዓይነ ስውሩ ልጅ ሌሊቱን 70 ገጽ እንደሄደ ጻፈ። ደራሲው ምንም አልጻፉም፣ ልብ ብቻ ላኩ።

33ኛው እንግዲህ የኔ ነው፣ እጄን እየከበደኝ የጻፍኩት። የአጎቴ ልጅ ሄደ፣ ቁልፉን የያዘው የስፖርት መምህር ነው፣ ፈልጎ አስከፈተው፣ ፎቶ ላከልኝ፣ እዚህም ለጠፍኩት። ከበሩ በስተቀኝ ሰባት ካርቶን ተደራርቦ ቆሟል፣ አልተከፈተም። የላይኛውን አጉልቼ ሳየው የታሸገበት ቴፕ ላይ ማርከር ጽሑፍ አለ፣ የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። በ2009 እኛው ሰብስበን፣ ለኮንቴይነር ከፍለን፣ ተጨብጭቦልን የላክነው ነው። ውስጡ ምን እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ግማሹ ከቤተክርስቲያን ምድር ቤት ሰው ሊጥለው ያወጣውን የሰበሰብነው ነው፣ የታክስ መመሪያም ሳይኖርበት አይቀርም። የከተማዋን ስም ያልጠራሁት ሰውየውን እንዳላሳፍር ነው፣ ከሱ በላይ ማፈር ያለብኝ እኔ ሆኜ ሳለ።

34ኛው ላይ የላይብረሪዋ ሴት አልሰደበችኝም፣ መላ ነው ያመጣችው። ለመንግሥት ንብረት ክፍል አታስገቡት፣ በወላጅና መምህራን ኅብረት በኩል በቃለ ጉባኤ ይግባ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ደግሞ በዓመት ይሄን ያህል መጽሐፍ ያልቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጠፋል ተብሎ ከአሁኑ ይፈረም፣ የሚያስቀምጠው ሰው ዕዳ እንዳይፈራ። ከብሩ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለሚከፍት አንድ ሰው አበል ይመደብ። 35ኛው የሂሳብ ባለሙያ ነው፣ ጮኸ፣ ይጠፋል ብላችሁ አስቀድማችሁ ከፈረማችሁ እኮ ውሰዱት ማለት ነው፣ በኅብረት ስም የገባ ዕቃ የማን ቤት እንደሚገኝ አይታችሁ አታውቁም? እውነቱን ነው፣ አይተናል። እሷ በ36ኛው የመለሰችው፣ አንድ ልጅ ቤት ከተገኘ እሰየው፣ ካርቶን ውስጥ ከሚገኝ። እኛ 11 ሰዎች እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው፣ ሰባቱ ከሷ ጋር፣ ሦስቱ ከሂሳቡ ሰው ጋር፣ አንዱ ጂዳ ያለው አሁንም ታብሌት ይላል። በአባቶቻችን ጊዜ ጉራጌ አዋጥቶ መንገድ ሲያሠራ መንገዱን ማን ይቆልፈዋል ብሎ የተጨነቀ አልነበረም፣ እኛ ምን ነካን?

37ኛው ትናንት ማታ የገባ ነው። የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ እንደሆነ ይናገራል፣ ከፎቶው በሩን አውቆት። ላይብረሪው የስፖርት መምህሩ ክፍል በማይኖራቸው ጊዜ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አንዳንዴ ይከፈታል፣ ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ የፈረሙት ብዙ ስለሆነ ነው። ካርቶኖቹ ላይ እኛ እንቀመጥባቸዋለን፣ ወንበር ስለሚያንስ። ሌላ ምንም አልጠየቀም፣ ከውስጡ የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ ካለ ንገሩኝና መምህሩን ላስከፍት ነው ያለው። በ2009 ካርቶን ስታሽጉ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ባዮሎጂ ያስገባ ሰው ትዝ የሚለው ካለ እባካችሁ እዚህ ስር ይጻፍለት፣ ሐሙስ ከመድረሱ በፊት።